የይሄነው ሙሾ በሞንታርቦ

የኔአለም የሞተ ወንድሟን ሙሾ በሚኒባስ ቴፕ ሲዘፈን የሰማች ዕለት ደሟ ፈላ። ሙሾ ነው የምላችሁ፣ ሌላ አይደለም! ለቅሶ ቤት የተባለ ግጥም ከበሮና ኦርጋን ተደርቦለት፣ መንገደኛው ሁሉ ትከሻውን እየነቀነቀ ይሰማዋል። በራሷ ድምፅ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። የሚዘፍነው ግን ማር ማር የሚል፣ አንዲት እንከን የማይወጣለት፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የሴት ድምፅ ነው።

«ዳገቱ ላይ ስትደርስ ጥሩንባህን ንፋ፣
እናትህ ቆማለች ምሳህን ታቅፋ።»

ሾፌሩ «ጥሩንባህን ንፋ» የሚለው ጋ ሲደርስ ክላክሱን ሁለቴ አንባረቀው። ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። «ይችማ የኛ የሾፌሮች ዘፈን ናት!» አለ ሾፌሩ፣ ድምፁን ጨመር እያደረገ። አጠገቧ የተቀመጠችው አሚራ ክንዷን ጨመቅ አደረገቻት። አሚራ አብራት አስራ ሁለተኛ ክፍል የምትማር፣ መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ክፍል አብራት የተከራየች ጓደኛዋ ናት።

«ያረቢ! የኔአለም፣ ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

የኔአለም «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸችና መናኸሪያው ሳይደርሱ ወረደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄነው የየኔአለም ታላቅ ወንድም ነበር። አይሱዙ እየነዳ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ፣ ከከላላ ወደ መካነ ሰላም እህል ያመላልስ ነበር። የእናቱ የእትዬ ሐረግ ቤት ከመንገዱ ዳር፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ልጁ ዳገቱን ሲጨርስ ጥሩንባውን ይነፋል፤ እናት ምሳውን በጨርቅ ቋጥራ ትወጣለች፤ እሱም ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት ይቀበላታል። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይኸው ነበር ሥራቸው። የኔአለምን ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚያስተምራትም እሱ ነበር። አምና በኅዳር ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንቢ አለውና ከነመኪናው ገደል ገባ።

በዚያ አገር ደግሞ ሙሾ ዝም ብሎ አይወጣም። ግጥም የምታወጣው ሴት አስቀድማ ቤተሰቡን ትጠይቃለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ማንን ይጦር ነበር ትላለች። ከዚያ በኋላ የወጣው ግጥም የዚያ ሟች ነው። ለሌላ ሰው ለቅሶ አይደገምም። የደገመች አልቃሽ ብትኖር ሁለተኛ የሚጠራት የለም፤ ነውር ነዋ! በይሄነው ለቅሶ ግን አልቃሿ ገና ስትጠያይቅ የኔአለም ብድግ አለች። በሰው ፊት አንዲት ስንኝ አሰምታ የማታውቅ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከፍ ስትል ድምፅዋ የሚሰነጠቅባት ልጅ ናት። ስለ ጥሩንባውና ስለ ምሳው ያለውን አለችና ቀጥላ ይህን ጨመረች፤

«ምሳውም በረደ፣ አንተም በረድክብን፣
የዳገቱን መንገድ ባዶ አረግክብን።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ዜማውን ማን እንዳስተማራት እሷም አታውቅም፤ ከሆዷ ነው የወጣው።

እስቲ አሁን ንገሩኝ፤ ይህን ያወጣች ልጅ ሌላ ምን ትፈልጋለች? የኔአለም ግን ፈለገች። ከለቅሶው በኋላ ከተማ ስትመለስ ነገሩ ይከነክናት ጀመር። እውነት ግጥም ነው ያወጣሁት ወይስ ሰው አዝኖልኝ ነው? ዘፈን መሥራት የምችል ሰው ነኝ ወይስ ሐዘን አናግሮኝ ነው? ትላለች። አሚራን እንዳትጠይቅ አሚራ ጓደኛዋ ናት፤ «ወላሂ ታስለቅሺያለሽ» ከማለት በቀር አታውቅም። እናቷን እንዳትጠይቅ እናት እናት ናት። ጥሩ ነው ብሎ ቢመሰክር የሚታመነው ሙዚቃ የሚያውቅ ባለሙያ፣ መሣሪያ ያለው፣ የማያውቃት ሰው ብቻ መሰላት። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ባለሙያውም ተገኘ። ብዙነህ ይባላል። ከፎቶ ቤት ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለብጦ ስቱዲዮ ብሏታል፤ ለሰርግ ደግሞ ሞንታርቦና ጄኔሬተር ያከራያል። አዲስ አበባ ትልቅ ሙዚቃ ቤት ሠርቻለሁ ይላል፤ ማን ሄዶ ያጣራል? በቴሌግራም ገጹ ላይ «ግጥምና ዜማ ያላችሁ ላኩልኝ፣ በነፃ አስተያየት እሰጣለሁ» ብሎ ለጠፈ። የኔአለም በሯን ዘግታ ሙሾውን በስልኳ ቀዳችና ላከችለት። ከሥሩም «ጋሼ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ጥሩ ነው?» ብላ ጻፈች።

መልሱ በስምንተኛው ቀን መጣ። «ግጥሟ አሪፍ ናት። ድምፅሽ ግን ለገበያ አይሆንም።» ልጅቷ ይችን መልእክት ስንቴ እንዳነበበቻት እግዜር ይወቅ። አመነችውም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ስታጥብ እንኳ ማንጎራጎር ተወች።

እንግዲህ ያን ዕለት ከሚኒባሱ ወርዳ እየሮጠች ስቱዲዮው ደረሰች። ብዙነህ ጭራሽ ደስ አለው። ምን ዓይነት ዓይን አውጣ እንደሆነ እዩልኝ፤ ወንበር ጠርጎ አቀረበላት።

«ነይ፣ ነይ! ዘፈናችን እኮ አገሩን አዳረሰው! ሰማሽው?»

«ጋሽ ብዙነህ፣ እኔ አስተያየት እንዲሰጡኝ ነው የላክሁት። ይህን ያድርጉ አላልኩም።»

«አስተያየትማ ሰጠሁሽ። ከዚያ ግጥሟ ስታሳዝነኝ ጊዜ እስቲ ልርዳት አልኩ።» ስልኩን አወጣ። «ይኸውልሽ፣ እዚህ አፑ ላይ ያንቺን ድምፅ አስገባለሁ። ሴት፣ ወጣት፣ ለስላሳ ብዬ እመርጣለሁ። ምት እመርጣለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ዘፈን ሆኖ ይወጣል። ድሮ ለዚህ ባንድ፣ አቀናባሪ፣ ዘፋኝ ስትለምኚ ዓመት ይሞላሽ ነበር።»

የኔአለም ስልኩን አየችው። ከዘፈኑ ሥር «ግጥምና ዜማ፦ ብዙነህ ስቱዲዮ» ይላል። የሷ ስም የለም፤ የይሄነውም የለም።

«ሁለተኛው ስንኝስ የት ሄደ?»

«የቱ? የበረደው? ቆረጥኩት። ምን ያደርጋል፣ ሰው መዝናናት ነው የሚፈልገው። ያቺ ስትወጣ የፍቅር ሆነች፤ ሾፌር የምትወድ ልጅ ዘፈን።»

«የፍቅር አይደለም! የወንድሜ ነው! የሞተ ሰው ነው!»

«እሱማ ገብቶኛል፤ ነፍስ ይማር። ግን አየሽ፣ አንቺ ግጥም ነው የላክሽው። ዘፈን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ድምፅሽ እንደሁ ነግሬሻለሁ።»

እዚህ ላይ አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «ድምፄ አይሆንም ካልክ ለምን ወሰድከው? ዜማው ከየት መጣልህ? ከዚሁ ከማይሆነው ድምፄ አይደለም እንዴ? ያ ማሽንህ ሐዘን ደርሶበት ያውቃል? ደረቅ ሌባ!»

ብዙነህ አልተቆጣም። እንዲህ ያለው ሰው አይቆጣም፣ ያዝንልሻል እንጂ። «ተይ እንጂ የኔአለም። ጊዜው ነው። ነገ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። አንቺ ግጥሙን እያወጣሽ ላኪልኝ፣ ድምፁን ለኔ ተይልኝ፤ አብረን እናድጋለን» አላት።

«አጥፋው።»

«ከኔ ገጽ ባጠፋው ከሰው ስልክ ማን ያጠፋዋል? እንኳን እኔ፣ መንግሥትም አይችል።»

እውነቱን ነው፤ ያ ዘፈን ከእያንዳንዱ ሾፌርና ከእያንዳንዱ ተማሪ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የኔአለም ከሁሉ የምትፈራው ግን አንድ ነገር ነበር። እትዬ ሐረግ ገጠር ናት፣ እስካሁን አልሰማችም። በመጪው እሁድ ደግሞ የአጎቷ ልጅ ትህትና ታገባለች፤ ሰርጉ እነሱ ሰፈር ነው፤ ሞንታርቦ ይዞ የሚመጣውም ይኸው ብዙነህ ነው። እናቷ ሙት ዓመቱ አልፎ ጥቁሯን ካወለቀች ሁለት ወር አይሆናትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው መሀል የምትወጣው ለዚህ ሰርግ ነው።

«እሺ ሌላውን ይተዉት» አለች፣ እየመረራት ወደ አንቱታው ተመልሳ። «እሁድ ግን እዚያ እንዳያስገቡት። እናቴ ትኖራለች። እናቴ ይህን እንዳትሰማ።»

«በማርያም! ምን ነካሽ፣ ሰው አይደለሁም እንዴ? ቃሌ ነው» አለ ብዙነህ።

ማታ አሚራ ነገሩን ስትሰማ ከሷ ብሳ ተንጨረጨረች። «ያንቺን ራስሽ ልቀቂዋ! ከነበረደው ስንኝ፣ ከነስሙ። ሰው ይፍረድ!» አለቻት። የኔአለም በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ስልኩን አልጋው ላይ ደግፋ ጀመረች። አንዴ ቀዳች፣ አጠፋች። ሁለቴ፣ ሦስቴ ቀዳች፣ አጠፋች። የራሷን ስትሰማ የሚሰማት ስንጥቁ ብቻ ሆነ። በአምስተኛው ላይ አሚራ መጽሐፏን ዘጋችና ቀና አለች።

«ምነው እንደ ስልኩ ዘፈንሽ?»

«ምን?»

«ድምፅሽን እያቀጠንሽው ነው እኮ። ያቺን ሴትዮ ነው የምትመስይው። አላህ ያሳይሽ፣ ሴትዮዋ እኮ ያንቺኑ ሰርቃ ነው፤ አንቺ ደግሞ ዞረሽ እሷን ትቀጂያለሽ?»

የኔአለም ክው አለች። እውነቷን ነበር። ሳታውቀው ጎርናናውን ደብቃ፣ ከፍ የሚለው ጋ አለሳልሳ፣ «ምሳህን ታቅፋ» የሚለውን እንደዚያች እንደሌለች ሴት እየጎተተችው ነበር። ስልኩን ትራስ ሥር ወረወረችው። ሙሾውን የዘረፈው ብዙነህ ነው፤ የገዛ ጉሮሮዋን ግን ማን ወሰደባት? ይህን ስታስብ የባሰ ተናደደች፤ በማን እንደምትናደድ ግን አልለየላትም።

እሁድ ደረሰ። ዳሱ ደምቋል፣ የጥር ፀሐይ በሸራው ላይ ወርዳለች። እትዬ ሐረግ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ገና ሰው ፊት እንደ እንግዳ ነው የምትሆነው። ብዙነህ እስከ እኩለ ቀን ቃሉን ጠበቀ። የለመደውን የሰርግ ዘፈን እያፈራረቀ ሲያስጨፍር የኔአለም ትንሽ ተነፈስ አለች። ኋላ ሙሽራው ከከተማ አጃቢዎቹን በሁለት ሚኒባስ ጭኖ መጣ። ገና ከዳገቱ ሥር ጀምሮ ነው ክላክሱን የለቀቁት። እትዬ ሐረግ ያን ጥሩንባ ስትሰማ ሳታስበው ከመቀመጫዋ ከፍ ብላ እንደነበር፣ ወዲያው ደግሞ እንደ ተቀመጠች የኔአለም አይታለች።

አጃቢዎቹ ዳስ እንደገቡ ሚዜው «ዲጄ! ጥሩንባህን ንፋን አስገባልን!» አለ። ሌሎቹም ተቀብለው ጮኹ። የኔአለም ብዙነህን አፍጥጣ አየችው። ብዙነህም አያት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ ምን ላድርግ፣ ሕዝቡ ፈለገ እንደማለት። ከዚያ ተጫነው።

ዳሱ ተነቃነቀ። የከተማው ልጆች ክብ ሠሩ፤ «ጥሩንባህን ንፋ» ሲባል ውጪ የቆሙት ሾፌሮች ክላክሳቸውን ያንባርቃሉ፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ። የሰፈሩ ሴቶች አጨበጨቡና ድንገት እጃቸው ቀዘቀዘ፤ እነሱ ያውቁታላ! እርስ በርስ ተያዩ። ማንም አፉን አልከፈተም፤ በሰርግ ላይ ሙሾ ብሎ መጥራት ለሙሽራዋ ገዱ ክፉ ነው።

እትዬ ሐረግ ተነሣች። ነጠላዋን ሳታስተካክል በጨፋሪው መሀል ወደ ሞንታርቦው ሄደች። የከተማዎቹ ልጆች ልትጨፍር የመጣች መሰላቸው፤ ማን ናት ብለው አልጠየቁም። «እማማ! እማማ!» እያሉ ክቡን ከፈቱላት። አንዷ ጆሮዋ ሥር እልል አለችላት። ሚዜው አስር ብር አወጣ፣ በምራቁ አራሰ፣ ግንባሯ ላይ ለጠፈላት።

ልጇን የቀበረች እናት ናት! በልጇ ሙሾ ሸለሟት!

እትዬ ሐረግ ብሩን አላነሣችውም፤ የተለጠፈባትም አልመሰላትም። ጆሮዋን ወደ ሞንታርቦው አስጠግታ ታዳምጣለች። ዘፈኑ አንዱን ስንኝ ጨርሶ እንደገና ወደ ዳገቱ ተመለሰ። እሷ ግን ቀጣዩን እየጠበቀች ቆማለች።

የኔአለም እንዴት እንደ ደረሰች አታውቅም። ሰውን ገፍትራ፣ ወንበር ጥላ፣ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ዳሱ ጭር አለ።

«ማነው ገመድ የነካ?» አለ ብዙነህ።

«እኔ ነኝ!» አለች። ሁሉንም ልትነግራቸው ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ዞር ስትል ግን ትህትናን አየቻት፤ ሙሽራዋ በቬሏ ውስጥ ዓይኗ ፈጦ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ሙሾ የምትለው ቃል ከወጣች የትህትና ሰርግ ዕድሜ ልኳን በዚህ ይነሣል። ቃሉን ዋጠችው።

እትዬ ሐረግ ያኔ ነው ብሩን ከግንባሯ ያነሣችው። በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችና ለሚዜው እጁ ላይ አኖረችለት። «ለሙሽራዋ ስጥልኝ። ትዳሯን ያቃናላት» አለች። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ከዳሱ አወጣቻት።

ከተከመረው እንጨት ጀርባ ሲደርሱ ቆመች። «ልጄን ይህች ሴት የት ታውቀዋለች?» አለቻት።

«ሴት የለችም እማዬ። ማሽን ነው።»

«ማሽን ነው? ምሳ ታቅፌ መቆሜን ማን ነገረው?»

የኔአለም ዋሽታ ማምለጥ ትችል ነበር። ሌባው ብዙነህ መሆኑን ብቻ ተናግራ ዝም ብትልም ማን ያውቅባታል? «እኔ» አለች። ሁሉንም ነገረቻት፤ በሯን ዘግታ መቅዳቷን፣ መላኳን፣ የመጣላትን መልስ፣ ቃል ገብቶ ማፍረሱን። ከዳሱ ውስጥ ገመዱ ተመልሶ ተሰካና ዘፈኑ ከቆመበት ቀጠለ፤ አጃቢው ጮኸ። የኔአለም ከጩኸቱ በላይ «ዛሬ ከነሞንታርቦው ካልሰባበርኩት!» ብላ ስትፈናጠር እናቷ ክንዷን አልለቀቀችም።

«እሱን ተይው፤ የሱን ሰው ያወራዋል። አንቺ ለምን ላክሽለት?»

«ጥሩ መሆኑን እንዲነግረኝ ነው።»

«ይሄነውን ያውቀው ነበር?»

«አያውቀውም።»

«እኔንስ ያውቀኛል?»

«አያውቅሽም።»

«ጥሩ አይደለም ያለሽ ሰው ነበር?»

«ማንም አላለኝም።»

እትዬ ሐረግ ቁጣ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ቁጣ ግን ልጇ አይታባት አታውቅም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሬሳው ከገባ ጀምሮ እንባ እንቢ ብሎኝ ነበር። ሴቱ ሁሉ አበደች ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ደርቄ፣ ልጄን ላለቅስለት አቅቶኝ ግድግዳ ግድግዳ አያለሁ። አንቺ ተነሥተሽ በዚያ በሚሰነጠቅ ድምፅሽ ስትይው ነው ያለቀስኩት። ያን ቀን ባላለቅስ ዛሬ እዚህ የለሁም። ፊት ለፊቴ ቆመሽ እያየሽኝ! ከዚያ ወዲያ ደግሞ ብዙነህ ምን እንዲልሽ ነበር?»